ሊተኛ ሲል የመጣ ክብደት

ዳሲቱን ወደ መሥሪያ ቤቱ ያመጣቻት አስካለማርያም ራሷ ነበረች።

ሁለቱ በዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ውስጥ፣ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች እየተኙ አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። ከተመረቁ በኋላ ዳሲቱ ሳሪስ ያለ አንድ ባንክ ገብታ ቀኑን ሙሉ የሰው ፓስወርድ ስትቀይር ትውል ጀመር። አስካለማርያም ደግሞ ቃሊቲ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለች ትንሽ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረች። ድርጅቷ ለፋብሪካዎችና ለእህል መጋዘኖች የመኪና ሚዛን ኮምፒውተር ትሠራለች። የጭነት መኪናው የብረቱ መድረክ ላይ ይወጣል፤ ከመድረኩ ሥር ያሉት መለኪያዎች ክብደቱን ለአንዲት ትንሽ ሳጥን ያቀብላሉ፤ ሳጥኗ በገመድ ለኮምፒውተሩ ትልካለች፤ ኮምፒውተሩ በወረቀት ያትማል። ሳጥኗና ኮምፒውተሩ የሚነጋገሩበትን ፕሮግራም የጻፈችው አስካለማርያም ናት። በዚህም ትኮራ ነበር።

ችግሩ መብራት ነበር። ጊዜው የከተማው ባቡር ቃሊቲ ድረስ መመላለስ የጀመረበት ዓመት ነው፤ ባቡሩ ይሂድ እንጂ አቃቂና ቃሊቲ ውስጥ መብራት ሳይጠፋ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። መብራት ሲጠፋ የሚዛኑ ኮምፒውተር በባትሪ ይሠራል። ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅ አስካለማርያም አንድ ነገር ጨመረችበት፤ መኪና ካልመጣ ኮምፒውተሩ ይተኛል፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ መዛኙ ቁልፍ ሲጫን ይነቃል። ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ደህና ነበር። ደንበኞቹ ጋ ሲደርስ ግን ኮምፒውተሩ ከእንቅልፉ ይነሳና ሳጥኗን አላውቃትም ይላል። «ሚዛን የለም» የሚል ጽሑፍ ያወጣል። መዛኞቹ አጥፍተው ያበሩታል፤ እስኪነሳ ድረስ መኪኖቹ ተሰልፈው ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ከዚያ ቢሮ ስልክ ይደወላል፤ ስልኩን የምታነሳው አስካለማርያም ናት። ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ታገለችው። በአንድ በኩል ስትደፍነው በሌላ በኩል ይከፈታል።

ሁለቱም የሚኖሩት ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። ማታ ማታ ሚኒባስ ውስጥ ይገናኛሉ። አንድ ቀን አስካለማርያም ብሶቷን ስታወራላት ዳሲቱ አዳመጠችና፣ ኮምፒውተሩ ሲተኛ ሳጥኗ ኃይል ታገኛለች ወይ ብላ ጠየቀቻት። አስካለማርያም በዚያ በኩል አስባው አታውቅም ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ቅናት የሚባል ነገር ልቧ ውስጥ አልነበረም፤ እንዲያውም ደስ አላት። በማግስቱ የድርጅቱ ባለቤት ጌዲዮን ጋ ገብታ፣ ከጎኔ ቁጭ ብላ የምታስብ ሰው እፈልጋለሁ፣ እኔም የማውቃት አለች አለችው። ጌዲዮን ከእነሱ ጥቂት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ፣ ሠራተኞቹን ሁሉ በስማቸው የሚጠራና እሱንም በስሙ የሚጠሩት ሰው ነው። ብዙ ሳያስብበት ቀጠራት።

ዳሲቱ ገና ሥራውን ሳትለምድ ችግሩን አገኘችው። ኮምፒውተሩ ሲተኛ ሳጥኗ ኃይል ታጣለች። ሲነቃ እሷም እንደ አዲስ ትነሳና ሁለት መልእክት ትልካለች፤ አንዱ ሄዳ እንደነበር፣ ሌላው ተመልሳ እንደመጣች የሚናገር ነው። መልእክቶቹ የሚደርሱት ግን የአስካለማርያም ፕሮግራም ራሱ ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ ነው። ተቀባይ ስለሌላቸው ይጠፋሉ፤ ፕሮግራሙም ሲነቃ ሳጥኗን እዚያው በነበረችበት ይፈልጋታል፣ አያገኛትም። ዳሲቱ መልእክቶቹን ወረፋ አስያዘቻቸው። ሊተኛ ሲል ወረፋው ይዘጋል፤ የሚመጣ ሁሉ በሩ ላይ ይቆያል፤ ሁሉም ነገር ነቅቶ ሲያበቃ በሩ ይከፈትና በመጡበት ቅደም ተከተል ይስተናገዳሉ። በቃ። ስክሪኑ ስንቴ ቢጨልም ስንቴ ቢበራ ሳጥኗ ከዚያ በኋላ አልጠፋችም።

ጌዲዮን ሠራተኞቹን ሰብስቦ አስጨበጨበላት። አስካለማርያምም አጨበጨበች። እያጨበጨበች ሳለ ጌዲዮን ቀና ብሎ አይቷት፣ ይህን ያህል ጊዜ ያስቸገረን ነገር ይኸው መፍትሔ አገኘ አለ። ስሟን አልጠራም። ቢሆንም ሰው ሁሉ ወደ እሷ የዞረ መሰላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ነገሩ የገባባት። መጀመሪያ ላይ ድካም ነው ብላ ነበር። ዳሲቱ የአቃቂ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት እዚያው የሚያርሱ ሰዎች ነበሩ። ገመድ ከሚዘረጉት ሠራተኞች ጋር በኦሮምኛ ስትቀልድ ይስቃሉ፤ አስካለማርያም ቋንቋውን አትሰማምና የሚስቁት በእኔ ነው ትላለች። ድሮ ለእሷ ይመጣ የነበረ ጥያቄ አሁን ጠረጴዛዋን አልፎ ሄዶ ዳሲቱ ጋ ይቆማል። ዳሲቱ ራሷ ነገሩን ልብ አላለችውም፤ ምሳ ስትገዛ ለሁለት ትገዛለች፣ ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ትይዝላታለች። ይኸው ደግነቷ ይበልጥ አንገበገባት። ብትኮራባት፣ ብትንቃት፣ ቢያንስ የምትጠላበት ምክንያት ታገኝ ነበር። ሳትነግራት ጠዋት ጠዋት ቀድማት መውጣት ጀመረች።

በዚህ መሀል አንድ የአቃቂ ዱቄት ፋብሪካ ለሁለቱም በሮቹ ሚዛን አዘዘ። ለድርጅቷ ትልቁ ሥራ ነበር። ጌዲዮን ኃላፊነቱን ለዳሲቱ ሰጠ። አስካለማርያምን ለብቻዋ ጠርቶ፣ አንቺ መሠረቱን ስለምታውቂው የዳሲቱን ኮድ ከመገጠሙ በፊት አንድ ጊዜ በደንብ እይልኝ አላት። ሊያስደስታት የፈለገ ይመስላል።

ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ አነበበችው። ስህተት ለመፈለግ ነበር የጀመረችው፤ እያነበበች ስትሄድ ግን ኮዱ እየጣማት መጣ። አጭር ነው፤ ግልጽ ነው፤ እሷ ሦስት ቦታ የደጋገመችውን ዳሲቱ አንድ ቦታ ጨርሳዋለች። እኔ እንዴት ይህን አላየሁም ብላ ራሷን ጠየቀች። ጥሩ ነገር እያነበቡ መናደድ እንዴት እንደሚያደክም ያን ቀን አወቀች።

ወደ መጨረሻው ላይ ቆም አለች። ተመልሳ አነበበች።

ዳሲቱ አስተውላ የሠራችው መንቃቱን ነበር። መተኛቱ ላይ ግን ትንሽ ቀዳዳ ቀርታለች። ወረፋው ተዘግቶ ኮምፒውተሩ ገና ሙሉ በሙሉ ባልተኛባት ቅጽበት አንድ መኪና መድረኩ ላይ ቢወጣ፣ ሳጥኗ ክብደቱን ትልካለች። መልእክቱ በሩ ላይ ይቆማል፤ ኮምፒውተሩ ግን መልእክት መጣ ብሎ መተኛቱን አያቋርጥም፤ ይተኛል። መኪናው ወርዶ ይሄዳል፤ ሳጥኗም ኃይል ስለሌላት መውረዱን አትናገርም። ቆይቶ ሌላ መኪና ይመጣና መዛኙ ቁልፉን ሲጫን ወረፋው ይከፈታል፤ መጀመሪያ ላይ ተሰልፎ የሚገኘው ደግሞ ያ የሄደው መኪና ክብደት ነው። ለአዲሱ መኪና የሚታተምለትም እሱ ይሆናል።

ሊሆን ይችላል ወይስ ይመስላታል? መሞከር ትችል ነበር፤ መሞከሪያው ሚዛን ከኋላዋ ነው። ዳሲቱም እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ሥራዋ ላይ ናት። አስካለማርያም አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ ላይ «ሊተኛ ሲል የሚመጣ መልእክት» ብላ ጀመረች። ቀና ብላ ዳሲቱን አየቻት። ጌዲዮን በአጠገቧ ሲያልፍ ትከሻዋን መታ አድርጓት ሲስቅ አየች። የጻፈችውን አጠፋችው።

አንድ ጊዜ ብቻ ትሳሳት፣ አለች በልቧ። አንድ ጊዜ ሰው ፊት ትፈር፣ ከዚያ እኔ ራሴ አስተካክልላታለሁ።

«አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ነው» ብላ ጻፈች።

ሚዛኖቹ ተገጠሙ። አስካለማርያም መጠበቅ ጀመረች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ቀና ትላለች። ፋብሪካው ሲደውል ልቧ ይመታል፤ የሚጠየቀው ግን ወረቀት አለቀ፣ ገመዱን አይጥ በላው የሚል ነው። እየዋለ እያደረ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አለች። ይህም ራሱ ደስ አላላትም፤ ቀዳዳው እውነት እንዲሆን ትፈልግ ነበር።

እውነት ሆነ፤ የመጣው ግን እሷ ባሰበችው በኩል አልነበረም።

በፋብሪካው የታችኛው በር ከሰዓት በኋላ የሚመዝኑት አቶ አጥናፉ የሚባሉ፣ ከምድር ባቡር ወደ ፋብሪካው መጥተው ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ናቸው። መብራት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ነው፤ ስንዴ የጫነ መኪናም በዚያ ሰዓት አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቶሎ ቶሎ የሚተኛው በእሳቸው ተራ ነበር። በዚያ በር ደግሞ ፉርሽካ ጭነው የሚወጡ አይሱዙዎች ሚዛኑን እየረገጡ ያልፋሉ። ፉርሽካው በጆንያ ስለሚሸጥ እነሱ አይመዘኑም፤ መንገዱ በመድረኩ ላይ ስለሆነ ብቻ ይወጡበታል፤ ዘበኛው በሩን እስኪከፍትላቸው እዚያው ይቆማሉ።

ቀናው የሚባል ሹፌር ከአርሲ ስንዴ ጭኖ መጣ። አቶ አጥናፉ ቁልፉን ተጫኑ፤ ወረቀቱ ወጣ፤ ወረቀቱን ሰጡት። ስንዴው ጎተራ ውስጥ ተገልብጦ ከሌላው ጋር ተቀላቀለ። ባዶ መኪናው ሲመዘን ግን ያመጣው ስንዴ አርሲ ከተጫነው በብዙ አንሶ ተገኘ። ቀናው በመንገድ ላይ አንድም ጆንያ እንዳላወረደ ማለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሌላ ሹፌር ተደገመ። በሁለቱም ጊዜ ሚዛኑ ላይ የነበሩት አቶ አጥናፉ ናቸው።

የፋብሪካው አስተዳደር ኃላፊ ወይዘሮ ወርቅውሃ ጠንካራ ሴት ናቸው፤ ሌብነት ከሸተታቸው ዘመድ አይለዩም። ቀናውን ለፖሊስ ሰጡት፤ አቶ አጥናፉን ከሥራ አገዱ፤ ሹፌሮቹ ስንዴውን መንገድ ላይ እየሸጡ መዛኙ ዓይኑን ይጨፍንላቸዋል የሚል ነገር ፋብሪካውን ሞላው። ለማንኛውም ብለው ሚዛኑ እንዲመረመርላቸው ድርጅቱን ጠየቁ። የተላከችው ዳሲቱ ናት።

ዳሲቱ እዚያ ውላ መጣች። ኮምፒውተሩን ስታስተኛው ስታነቃው፣ መኪና ስታስወጣ ስታስወርድ ነበር የዋለችው። ሁሌም ትክክል መዘነ፤ ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይተኛ መድረኩ ላይ ማንንም አላወጣችምና። ማሽኑ ስህተት የለበትም ብላ ፈርማ ሰጠች። ወይዘሮ ወርቅውሃ ሥራዋን ስለወደዱት ከእንግዲህ ለማንኛውም ነገር ይህችን ልጅ ላኩልን ብለው ለጌዲዮን ደወሉ።

አስካለማርያም ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የተሰማት ጸጸት አልነበረም። ያው የፊተኛው ቃጠሎ ነበር፤ እንዲያውም ብሶበት። ዳሲቱ መውደቅ የነበረባት ቦታ ላይ ተመስግና ተመለሰች። የታሰሩትና የታገዱት ሰዎች ትዝ ያሏት ከዚያ በኋላ፣ ማታ እራት ቀርቦላት ነው። እንጀራውን ነካክታ ተወችው። እንደዚያም ሆኖ በማግስቱ አልተናገረችም። አሁን ብናገር መቼ አየሽው እባላለሁ አለች።

አቶ አጥናፉ ቢሮ ድረስ መጡ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የእንግዳ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማሽኑን የሠራውን ሰው ነው የምፈልገው አሉ። ዳሲቱ ሌላ ደንበኛ ጋ ሄዳለች፤ ጌዲዮንም የለም። አስካለማርያም ፊታቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ክስ ይዘው አልመጡም። ዕድር ላይ ሲቀመጡ አጠገባቸው ያለው ሰው ወሬ እንደሚያቆም፣ ሚስታቸው ጠያቂ እንዳይመጣ በሩን ዘግታ እንደምትውል፣ ምድር ባቡር በነበሩ ጊዜ አንዲት ብሎን ይዘው ወጥተው እንደማያውቁ ቀስ ብለው ነገሯት። ከዚያ ጎንበስ አሉ።

«እኔ ማሽን አላውቅም ልጄ» አሏት። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ተሳስቶ ያውቃል?»

አስካለማርያም ኮፍያቸውን እያየች «አጣራለሁ አባቴ» አለቻቸው። አመስግነዋት፣ ደረጃውን ግድግዳ እየያዙ ወረዱ።

በማግስቱ ጠዋት ቀድማ አልወጣችም። ሚኒባስ መያዣው ጋ ዳሲቱን ጠበቀቻት። ዳሲቱ ስታያት ፊቷ በራ፤ ወንበር ጎን ለጎን ይዘው እስከ ቃሊቲ ሄዱ። ቢሮ እንደደረሱ እጇን ይዛ ወደ መሞከሪያው ሚዛን ወሰደቻት። እይኝ ብቻ አለቻት። ኮምፒውተሩን ለቀቀችውና ቆማ ጠበቀች። ስክሪኑ መደብዘዝ ሲጀምር በሁለት እጇ የመሞከሪያውን ሰሌዳ ተጫነች፤ ሲጨልም ለቀቀችው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ የቀለም ቆርቆሮ አስቀመጠችና ቁልፉን ነካች። የታተመው የቆርቆሮው ክብደት አልነበረም። የእጇ ነበር።

ዳሲቱ ወረቀቱን አንስታ አየችው። ነገሩ ወዲያው ነው የገባት፤ ማስረዳት አላስፈለገም። ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሹፌሩን አሳሰርኩት» አለች። ቀጥላም «መቼ ነው ያገኘሽው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ኮድሽን ያነበብኩ ቀን።»

ዳሲቱ የሰማችው ነገር ስህተት የሆነ ይመስል ቀና ብላ አየቻት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

አስካለማርያም ሌሊቱን ብዙ መልስ ስታዘጋጅ ነው ያደረችው፤ እርግጠኛ አልነበርኩም፣ ረሳሁት፣ የሚያጋጥም አልመሰለኝም። 

«እንድትሳሳቺ ፈልጌ ነበር» አለቻት።

ዳሲቱ አልጮኸችም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ጌዲዮን ጋ ገብታ ብዙም ሳትቆይ የመኪና ቁልፍ ይዛ ወጣች። ፋብሪካ እንሂድ አለቻት።

ወይዘሮ ወርቅውሃ መጀመሪያ አልሰሟቸውም። ባለፈው ደህና ነው ብለሽ ፈርመሽ አልነበር ወይ አሏት ዳሲቱን። ዳሲቱ አዎ አለች፤ አሁን ደግሞ ስህተቱን ላሳይዎት አለች። ታችኛው በር ወረዱ። አቶ አጥናፉም እንዲጠሩ ተደረገና ከአቃቂ ከቤታቸው መጡ፤ እንደ እንግዳ ከዘበኛው አጠገብ ቆሙ። ፉርሽካ የጫነ አይሱዙ ስክሪኑ ሲደበዝዝ መድረኩ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ሲጨልም አለፈ። ቀጥሎ ስንዴ የጫነው ገባ፤ ቁልፉ ተነካ፤ ወረቀቱ ወጣ። ወይዘሮ ወርቅውሃ ወረቀቱንና መኪናውን ደጋግመው አዩ። ድገሙት አሉ። ተደገመ። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ተለወጠ።

ዳሲቱ ፊታቸው ቆማ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሳላጣራ የፈረምኩትም እኔ ነኝ፣ አቶ አጥናፉም ሹፌሮቹም ምንም አላደረጉም። ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ተናገረችው። ወይዘሮ ወርቅውሃ ብዙ ክፉ ቃል ተናገሯት፤ አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ከዚያ ወደ አቶ አጥናፉ ሄዳ ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ትከሻዋን ይዘው አቀኗት።

አስካለማርያም ከኋላ ገመድ ይዛ ቆማ ነበር። የጠየቃት የለም። ስሟም አልተነሳም። ዳሲቱ ሸፍናታለች። እፎይ ማለት ነበረባት። ያ የምታውቀው ነገር ግን እንደገና ደረቷ ላይ ወጣ፤ እዚህም ዳሲቱ በለጠቻት፣ በጥፋቱም እንኳ ዳሲቱ በለጠቻት። ሽማግሌው ያቀኑት የዳሲቱን ትከሻ ነው። እውነቱን የተናገረችው ከጽድቅ ይሁን ከዚህ ቅናት፣ በኋላም ለራሷ መለየት አልቻለችም።

«እኔ አይቼው ነበር» አለች።

ሁሉም ዞሩ። ቀዳዳውን ሚዛኑ ሳይገጠም እንዳየችው፣ አውቃ ዝም እንዳለች ተናገረች። ምክንያቱን አልተናገረችም፤ የጠየቃትም አልነበረም። አቶ አጥናፉ ትንሽ ቀረብ አሏት።

«እንግዲያ ቢሮሽ የመጣሁ ቀን ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

 ሽማግሌው ኮፍያቸውን አጠለቁና ወደ መዛኙ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። ስድብ ቢሆን ኖሮ ትችለው ነበር።

ሲመለሱ ዳሲቱ ነበረች የምትነዳው። የአቃቂን ድልድይ አለፉ። ከፊታቸው ያሉት ተሳቢዎች አቧራ እያስነሱ ይሄዳሉ።

«ዝም ብትይ ምን ነበረበት?» አለች ዳሲቱ። «የሸፈንኩሽ ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ነገም አብረን ነው የምንሠራው፤ ሰው በዚህ ዓይን እንዲያየን አልፈለግሁም።»

«ጥሩ ሰው አንቺ ብቻ ሆነሽ እንድትቀሪ አልፈለግሁም መሰለኝ» አለች አስካለማርያም።

ዳሲቱ መንገዱን እያየች አንዴ ሳቅ አለች፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም።

«ገና አልለቀቀሽማ» አለች። 

ቀናው ተፈታ። አቶ አጥናፉ ሥራቸው ላይ ተመለሱ። ጌዲዮን ፋብሪካውን ለምኖ ሥራው እንዳይሰረዝ አደረገ። ዳሲቱ ኮዱን አስተካከለችው፤ ሊተኛ ሲል መልእክት ከመጣ መተኛቱ ይቀራል፤ ሲነቃ ደግሞ ከእንቅልፍ በፊት የመጣው ሁሉ ተጥሎ ክብደቱ ከሚዛኑ እንደ አዲስ ይጠየቃል። ጌዲዮን አስካለማርያምን አላባረራትም። ከጠረጴዛዋ ግን አነሳት፤ አዲሱን ፕሮግራም ይዛ ከደንበኛ ደንበኛ እየዞረች እንድትጭን አደረገ። ለዳሲቱ ኮድ የሚያነብ ሌላ ሰው ተፈለገ። ሁለቱ ሚኒባስ ውስጥ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ ወንበር የሚያዝላት ግን የለም።

አስካለማርያም በዚያ ዓመት ያልረገጠችው መጋዘን አልነበረም። ሥራው ከባድ ነው፤ ጭቃና አቧራ ነው። መጀመሪያ ላይ ቅጣት መሆኑን እያሰበች ትብሰለሰል ነበር፤ ቆይቶ ለመደችው። መዛኞቹን ስማቸውን ትጠይቃለች። ማሽኑ ምን እንደሚያደርጋቸው እስኪጨርሱ ታዳምጣለች። ወደ አቃቂው ፋብሪካ ግን ሌላ ሰው ነው የሚላከው፤ አቶ አጥናፉ እሷ እንዳትመጣ ብለዋል።

በግንቦት አንድ ቀን፣ ገላን ማዶ ያለ የእህል መጋዘን ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ዳሲቱ ናት። አዲስ የመጣ ሳጥን መልእክቱን ሁለት ሁለት ጊዜ እየላከ አስቸግሯት ኖሯል። አስካለማርያም እንዲህ ያለ ሳጥን አንድ ቦታ አጋጥሟት ስለነበር ምን እንዳደረገች ነገረቻት። ዳሲቱ ጻፈችው። ነገሩ አለቀ፤ ስልኩ ግን አልተዘጋም።

«ጌዲዮን የቴክኒክ ኃላፊ ሁኚ ብሎኛል» አለች ዳሲቱ። «ለማንም አልነገርኩም። ልያዘው?»

ዝናቡ ስለበረታ አስካለማርያም ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች። ያ ነገር መጣ፤ ከጎድኗ ሥር ተነሳ፤ እስከ አንገቷ ደረሰ። አላባረረችውም። ተሸክማው ቆመች። መዛኙ ከበሩ ሆኖ ምነው ቆምሽ በሚል ዓይን ያያታል።

«አለሽ?» አለች ዳሲቱ።

«አለሁ» አለች።  «ያዢው። ካንቺ የተሻለ የለም።»

 ዳሲቱ እሺ አለች፣ እንዳትረጥቢ አለችና ዘጋች። አስካለማርያም ስልኩን ኪሷ ከተተች፤ ተንበርክካ የሳጥኗን ገመድ አሰረች፤ መዛኙን ቁልፉን እንዲነካላት ጠየቀችው።